የተሰረዘ ፎቶ ገና አልጠፋም

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባላችን የቀረበ ንግግር)



እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ካሜራ ካርድ ነው። ርዕሱ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ «ይሄ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?» ያላችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ግን ያለፈው የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲዘጋጅ የገጠመንን ታስታውሳላችሁ። የዶሮ እርባታው ቡድን ጫጩቶቹን ሲረከብ፣ የሽመናው ቡድን የመጀመሪያዎቹን ነጠላዎች ለገበያ ሲያወጣ፣ የእንጀራ ቡድኑ አዲሱን ምጣድ ሲያሟሽ የተነሱት ፎቶዎች በሙሉ አንድ ካርድ ላይ ነበሩ። ካርዱ ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ «ዲስኩን ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ያድርጉት» የሚል መልእክት መጣ። ፎቶዎቹ በኋላ ወጥተዋል፤ ለለጋሾቻችን በተላከው ሪፖርት ላይም አሉ። የወጡት ግን ካርዱን የያዘችው ልጅ መልእክቱን አይታ «እሺ» ስላላለች ነው። «ካንስል» ብላ አወጣችው፣ ሌላ ፎቶ አላነሳችበትም፣ በወረቀት ጠቅልላ ሱቅ ድረስ አመጣችልኝ።

እንደምታውቁት እኔ የምሠራው ፎቶ ቤት ነው። የተበላሸ ካርድ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። አንዱ የልጁን ክርስትና፣ አንዷ እናቷ በሕይወት ሳሉ ያሳለፉትን የመጨረሻ ፋሲካ ይዛ ትመጣለች። ፎቶው የሚመለስላቸውን ከማይመለስላቸው የሚለየው፣ እኔ እንዳየሁት፣ በአብዛኛው የካርዱ ብልሽት አይደለም። ካርዱ እምቢ ካለ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ የተደረገው ነገር ነው።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ካርዱን እንደ እህል መጋዘን አስቡት። መጋዘኑ ውስጥ ብዙ ጆንያ ተደርድሯል። በሩ አጠገብ ደግሞ የመጋዘን ጠባቂው መዝገብ አለ፤ «ጤፉ ከዚህ ረድፍ እስከዚያ፣ ስንዴው ከዚያ እስከዚህ» ይላል። ካሜራውም ሆነ ኮምፒውተሩ ጆንያ ለጆንያ እየዞረ አይፈልግም፣ መዝገቡን ብቻ ነው የሚያነበው። አንድ ፎቶ «ዲሊት» ስታደርጉ ጆንያው ከመጋዘኑ አይወጣም። መዝገቡ ላይ ስሙ ይሰረዝና «ይህ ቦታ ባዶ ነው» ተብሎ ይጻፋል። ፎርማት ስታደርጉም አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው አሮጌው መዝገብ ተቀዶ አዲስ ባዶ መዝገብ መቀመጡ ነው። እህሉ እንዳለ አለ።

ጉዳቱ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ጠባቂው መዝገቡን አምኖ «ባዶ ነው» በተባለው ቦታ ላይ አዲስ እህል ያስገባል። ካርዱ ሲበላሽ «እስቲ ይሠራ እንደሆነ» ብላችሁ ሁለት ሦስት ፎቶ ስትሞክሩበት የምታደርጉት ይህንኑ ነው። አዲሱ ፎቶ ያረፈበት ቦታ ላይ የነበረው የድሮ ፎቶ የዚያን ጊዜ በእርግጥ ይጠፋል፤ ማንም ባለሙያ አይመልሰውም።

ካርድ «አልነበብም» ሲልም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ካሜራው ፎቶውን እየጻፈ ሳለ፣ ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም እያለች፣ ካርዱን ብትነቅሉት ወይም ባትሪው ቢያልቅ መዝገቡ በግማሽ ተጽፎ ይቀራል። ኮምፒውተሩ ያን ግማሽ መዝገብ ሲያይ ስለማይገባው «ፎርማት ላድርገው?» ይላል። «ስካን ኤንድ ፊክስ» የሚልም መልእክት አለ። ይሄኛው የሚያስተካክል ስለሚመስል ብዙ ሰው ይጫነዋል። አንዳንዴ ያስተካክላል። አንዳንዴ ግን ፎቶዎቹን ይቆራርጥና ስማቸው «ፋይል» በሚል ቃልና በተራ ቁጥር የሚጀምር የማይከፈቱ ቁርጥራጮች አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። ፎቶው የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ መጀመሪያ ፎቶው ይውጣ፣ ጥገናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ስለዚህ ካርዱ እምቢ ሲል የመጀመሪያው ሥራ አውጥቶ መቆለፍ ነው። በትልቁ ካርድ በግራ ጎኑ ላይ ትንሽ ምላስ አለች። ወደ ታች ስትገፏት ካርዱ ይቆለፋል፤ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። በነገራችን ላይ ይህች ምላስ ከካርዱ ውስጥ ጋር በምንም ሽቦ አልተገናኘችም። ካሜራው ወይም ካርድ ሪደሩ ምላሷ የት እንዳለች ዳስሶ አውቆ ነው የሚታዘዘው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ አንዳንድ ርካሽ ካርድ ሪደር ምላሷን ጨርሶ አይዳስስም፤ ቆለፍኩ ብላችሁ ሙሉ በሙሉ አትተማመኑ። ሁለተኛ፣ ምላሷ ተሰብራ ብትወድቅ ካሜራው «ካርዱ ተቆልፏል» እያለ ፎቶ አላነሳ ይላችኋል። ካርዱ አልተበላሸም፤ ምላሷ በነበረችበት ጎድጓዳ ላይ ቀጭን ስኮች ብትለጥፉበት ይሠራል። ፎቶዎቹን ከገለበጣችሁ በኋላ ግን ካርዱን ቀይሩት፣ ስኮቹ ካሜራው ውስጥ ተላጥቶ ይቀራልና። እኛ ዘንድ «ተበላሸ» ተብለው ከሚመጡት ካርዶች ውስጥ ችግራቸው ይህች ምላስ ብቻ የሆነችባቸው አሉ።

ካርዱን ከመጠራጠራችሁ በፊት በዙሪያው ያለውን ጠርጥሩ። ትንሿን ካርድ፣ የስልኳን ዓይነት ማለቴ ነው፣ በትልቅ አዳፕተር ውስጥ አስገብታችሁ ከሆነ የምትጠቀሙት አዳፕተሩን ቀይራችሁ ሞክሩ፤ ቶሎ የሚሞተው እሱ ነው። የካርዱ ወርቃማ ጥርሶች ላይ የጣት ቅባት ወይም አቧራ ካለ በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ በቀስታ ጥረጉት። በአፍ አትንፉበት፣ ምራቅ ይረጫል። ሌላ ካርድ ሪደር ሞክሩ፤ ሌላ ኮምፒውተርም ሞክሩ።

በስጦታ ለሚመጡልን ካሜራዎች አንድ ነገር ልጨምር። ኤስዲ የሚባለው ካርድ የወጣው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን እስከ 2 ጊጋ ይይዝ ነበር። በ2006 ኤስዲኤችሲ የሚባለው መጣ፣ እስከ 32 ጊጋ። በ2009 ደግሞ ኤስዲኤክስሲ፣ ከዚያ በላይ። ሦስቱም መልካቸውና ስፋታቸው አንድ ነው፤ አንዱ በሌላው ቀዳዳ ልክ ይገባል። ነገር ግን አሮጌ ካሜራ አዲሱን ካርድ አያውቀውም። ባለ 64 ጊጋ ካርድ ገዝታችሁ ከ20 ዓመት በፊት በተሠራ ካሜራ ውስጥ ብትከቱት «ካርድ ኤረር» ይላችኋል፤ ካርዱም ካሜራውም ጤነኛ ነው፣ ብቻ ቋንቋቸው አልገጠመም። አሮጌ ካርድ ሪደርም እንደዚሁ ነው። ካርድ ስትገዙ ካሜራውን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክሩ። ይህን ጋዜጣ የምታነቡ ለጋሾቻችንም ካሜራ ስትልኩልን ከነገመዱ፣ ከነቻርጀሩና ከነካርዱ ብትልኩልን እጅግ እናመሰግናለን። ስለ ካርዱ ግን ኋላ የምለው አለኝ።

በገመድ የምታገናኙ ከሆነ ደግሞ የገመዱ ነገር አለ። ገበያ ላይ ያሉ አንዳንድ ገመዶች ውስጣቸው ያለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ብቻ ነው፣ መረጃ የሚያሳልፈው ሽቦ የለም። ባትሪ ይሞላሉ፣ ፎቶ አያሳልፉም። ካሜራው መብራቱ በርቶ ኮምፒውተሩ ምንም ካላሳየ ገመዱን ቀይሩ። ካሜራ በገመድ ሲገናኝ ብዙ ጊዜ እንደ ፍላሽ በፊደል ተሰይሞ አይታይም፤ በራሱ በካሜራው ስም ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ፍላሽ በምትፈልጉበት ቦታ ብቻ አትፈልጉት። ባትሪው ሙሉ ይሁን። በእኔ በኩል ግን ገመድ አልወድም። ካርድ ሪደር ዋጋው ትንሽ ነው፣ የካሜራውን ባትሪም አይጨርስም፣ የገመድ ቀዳዳውንም አያላላውም።

አሁን ወደ ቫይረሱ ልምጣ። ኢንተርኔት ቤት ወይም ማተሚያ ቤት ካርዳችሁን ሰጥታችሁ ስትመለሱ ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተቀይረው ታገኛላችሁ፣ ስትከፍቷቸው ምንም የለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ደንግጦ ፎርማት ያደርጋል። ፎቶዎቹ እዚያው ናቸው። ቫይረሱ ደብቋቸው በቦታቸው የራሱን ሐሰተኛ ምልክት አስቀምጦ ነው። ሾርትከቱን አትክፈቱ፣ ቫይረሱ የሚነሳው እሱ ሲነካ ነውና። በኮምፒውተሩ የ«ቪው» ማውጫ ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ምረጡ፤ ካልታዩ ደግሞ በ«ኦፕሽንስ» ውስጥ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት አንሱ። ፎልደሮቹ ደብዘዝ ብለው ይወጣሉ። እነሱን ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ገልብጡ። ፎቶ ለማሳተም ከቤት ስትወጡ ካርዱን ቆልፋችሁ ብትሰጡ ደግሞ ከመጀመሪያውም አብዛኛውን ጊዜ ይህ አይደርስባችሁም። ከሁሉ የሚሻለው ግን የሚታተሙትን ብቻ በፍላሽ ገልብጦ ይዞ መሄድና ካርዱን ቤት መተው ነው።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካርዱ ፎቶ ካላሳየ ማውጫ ፕሮግራም ያስፈልጋል። እኔ የምጠቀምበት ፎቶሬክ ይባላል፤ በነጻ የሚገኝ ነው። ሬኩቫ የሚባልም አለ፣ በዊንዶውስ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ለጀማሪ ይቀላል። ፎቶሬክ መልኩ አያምርም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው፣ በቀስት ቁልፎች ነው የሚመረጠው። የሚሠራው ግን በሚገርም መንገድ ነው። መዝገቡን ጨርሶ አይጠይቅም። መጋዘኑ ውስጥ ገብቶ ጆንያ በጆንያ እየከፈተ ያያል። እያንዳንዱ የጄፔግ ፎቶ መጀመሪያው ላይ አንድ ዓይነት ምልክት አለው፤ ያን ምልክት ባገኘበት ቦታ «እዚህ ፎቶ ይጀምራል» ብሎ ያወጣዋል። የፋይሉ ስም የነበረው መዝገቡ ላይ ስለሆነ ስሙ አይመለስም። ፎቶው የተነሳበት ቀንና ሰዓት ግን ፎቶው ውስጥ ራሱ ስለሚጻፍ አብሮት ይወጣል። ቪዲዮ ይከብዳል፣ ረጅም ስለሆነ በተለያየ ቦታ ተበጣጥሶ ይቀመጣልና ግማሹ ብቻ ሊወጣ ይችላል።

አንድ ሕግ አለው፣ እባካችሁ ያዙት። የሚወጣውን ፎቶ የምታስቀምጡት በኮምፒውተሩ ላይ ወይም በሌላ ዲስክ ላይ ነው፣ በዚያው ካርድ ላይ በፍጹም አይሆንም። በዚያው ካርድ ላይ ካስቀመጣችሁ እያወጣችሁ የምትቀብሩት ራሳችሁ ናችሁ። ኮምፒውተሩ ካርዱን ጨርሶ ካላየው፣ ወይም ካርዱ ተሰንጥቆ ከሆነ፣ ይህ ፕሮግራም አይረዳም። እየደጋገማችሁ አትሰኩት። የምናገረውም ስለ ካርድ ነው፤ በዛሬዎቹ ስልኮች የራሱ የስልኩ ማስቀመጫ ውስጥ ያለው መረጃ በምስጢር ቁልፍ ስለሚጠበቅ ከዚያ የተሰረዘ ፎቶ እኛ ማውጣት አንችልም። ስልኩ የራሱ የተሰረዙ ፎቶዎች ማቆያ ካለው ግን እዚያ ለተወሰነ ቀን ይቆያል፤ መጀመሪያ እሱን እዩ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እንዳይመጣ ፎቶ ወደ ኮምፒውተር የምንገለብጥበትን መንገድ እናስተካክል። ካርድ ማስቀመጫ ዕቃ አይደለም። ፎቶውን ከሜዳ ወደ ቢሮ የምናመጣበት ቅርጫት ነው፤ ባዶ ሆኖ መመለስ አለበት።

ስትገለብጡ «ኮፒ» በሉ፣ «ከት» አትበሉ። «ከት» ብላችሁ በመሃል መብራት ቢጠፋ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይሆንና የትኛው የት እንዳለ ታጣላችሁ። መብራት ጠፋ ማለት ደግሞ እዚህ አገር ወሬ አይደለም። «ኮፒ» ከሆነ መብራቱ ሲመጣ እንደገና መጀመር ነው፤ ካርዱ ላይ ያለው አልተነካም። ሲያልቅ የፋይሎቹን ቁጥር በሁለቱም በኩል አስተያዩ፤ ከመጀመሪያ፣ ከመሃልና ከመጨረሻ ጥቂት ፎቶዎችን ከፍታችሁ በሙሉ ስክሪን እዩ። ከዚያ ሁለተኛ ቅጂ በውጫዊ ዲስክ ላይ። ሁለት ቦታ ሲቀመጥ ነው ካርዱ የሚጸዳው፣ የሚጸዳውም ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ካሜራው ውስጥ በራሱ በካሜራው ፎርማት ነው። ካርዱን ከኮምፒውተር ስትነቅሉም «ኢጀክት» ብላችሁ ጠብቁት።

ሙሉውን ካርድ ገልብጡ። ፎቶዎቹ ያሉት «ዲሲአይኤም» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው፤ ብዙ ሰው እሱን ብቻ ወስዶ ካርዱን ያጸዳል። አንዳንድ ካሜራዎች፣ ሶኒ ለምሳሌ፣ ቪዲዮውን «ፕራይቬት» በሚባል ሌላ ፎልደር ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት። የሠርጉ ፎቶ ተርፎ ቪዲዮው የጠፋበት ሰው አውቃለሁ። ካርዱ ላይ ሳለም የፎቶውን ስም አትቀይሩ። ካሜራው ራሱ በሰጠው ዓይነት ስም ካልተጠራ አያሳየውም፣ እናንተም ጠፋ ብላችሁ ትደነግጣላችሁ። ስም የምትሰጡት ኮምፒውተሩ ላይ ነው።

ስሙን ደግሞ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብላችሁ በቁጥር ጀምሩ። የሴቶች ቀንን የካቲት 29 ቀን ስናከብር የተነሳው «2017-06-29 የሴቶች ቀን» ቢባል ፎልደሮቹ ራሳቸው በቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ካሜራውን ግን በእኛ አቆጣጠር አትሙሉት። 13ኛ ወር አያውቅም፣ ጳጉሜን ሲመጣ ይጠፋበታል። ሌላም ጣጣ አለው። 2017 ብላችሁ የሞላችሁት ካሜራ ያነሳውን ፎቶ ውጭ አገር ያለ ለጋሽ ሲያየው በውስጡ የተጻፈው ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ይሆንበታል፤ ዘንድሮ የገዛናቸውን ዶሮዎች የ8 ዓመት ዶሮዎች አድርጎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ካሜራው በእነሱ ይሁን፣ ፎልደሩ በእኛ።

ለሪፖርት ፎቶ በቴሌግራም ስትልኩም «ፎቶ» ብላችሁ ከላካችሁት ያሳንሰዋል። ስልክ ላይ ያምራል፤ መጽሔት ላይ ሲታተም ይደበዝዛል። «ፋይል» ብላችሁ ላኩት፣ እንዳለ ይደርሳል። ጥቅል ይበላል፣ ግን ለህትመት የሚሆነው እሱ ነው።

ካርድ ግዢ ላይ ብዙ አልቆይም። ዋጋው በጣም ከወረደ ተጠራጠሩ። ላዩ ላይ 64 ጊጋ የተጻፈበት፣ ኮምፒውተር ውስጥም 64 ብሎ የሚያሳይ፣ እውነቱ ግን 8 ጊጋ ብቻ የሆነ ካርድ ይሸጣል። ያው የመዝገብ ውሸት ነው። 8 ጊጋው እስኪሞላ ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ የምታነሱት ሁሉ የለም፤ ካሜራው ግን ቆጥሮ እንደ ነበረ ያሳያችኋል። ለዚህ መፈተሻ የሚሆን ኤችቱቴስት የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ፕሮግራም ከሌላችሁ አዲሱን ካርድ እስከ ጫፉ ድረስ በማያስፈልጓችሁ ቪዲዮዎች ሙሉት፣ ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩትና በመጨረሻ የገቡትን ክፈቱ። የማይከፈቱ ከሆነ በዚያው ቀን መልሱት። ለሥራ ከመውጣቱ በፊት ነው ይህ የሚደረገው፣ ሠርግ ቤት ውስጥ አይደለም።

አሁን እስካሁን ያልኩትን ከሌላው ወገን ላሳያችሁ፤ ለመናገር የተነሳሁትም በዋናነት ለዚህ ነው። የተሰረዘ ፎቶ ገና አልጠፋም ብያችኋለሁ፣ ደስ ብሏችሁ ሰምታችሁኛል። እንግዲያው የሰረዛችሁት ነገር ሁሉ፣ እንዲጠፋ ፈልጋችሁ የሰረዛችሁትም ጭምር፣ ካርዱ ላይ አለ።

በስጦታ ከመጣልን አንድ ካሜራ ጋር ካርድ አብሮ ነበረ። ባዶ ነው የሚለው። ጤንነቱን ለማየት ማውጫ ፕሮግራሙን ሳስኬድበት የማናውቀው ቤተሰብ የገና ፎቶ ወጣ፤ ሕጻናት፣ የተጌጠ ዛፍ፣ የቤቱ በር ከነቁጥሩ። ወዲያው አጥፍቼዋለሁ። በሰላም ወደ እኛ መጣ፣ ሌላ እጅ ቢገባስ?

የእኛን ካርዶች ደግሞ አስቡ። እነዚህ ካርዶች ላይ የማን ፊት እንዳለ ታውቃላችሁ። ወደ ማኅበራችን ከመጡት እህቶች መካከል ከቤት ውስጥ ጥቃት ሸሽተው፣ ያሉበት እንዳይታወቅ ሰፈር ቀይረው የመጡ አሉ። «ፎቶዬ እንዳይወጣ» ብለው የነገሩን አሉ፣ እኛም «እሺ» ብለን ከካሜራው ላይ ሰርዘናል። ስንሰርዝ ቃላችንን የጠበቅን መስሎናል። ያው ካርድ ግን ለዘመድ ሠርግ ሲዋስ፣ ሳይመለስ ሲቀር፣ ከአሮጌ ስልክ ጋር ሲሸጥ ፊታቸው አብሮ ይሄዳል። ከበስተጀርባቸው የሚታየው የሰፈሩ ሱቅና የታክሲ ተራው አብሮ ይሄዳል። የስልክ ፎቶ ከሆነ ደግሞ፣ ካሜራው ቦታ እንዲመዘግብ ከተፈቀደለት፣ የተነሳበት ቦታ ውስጡ ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

ለጥገና ስትሰጡም አስቡበት። እናንተ «የክርስትናውን መልሱልኝ» ብላችሁ ትሰጣላችሁ። ፕሮግራሙ ግን የክርስትናውን ለይቶ አያወጣም፤ ካርዱ ላይ ያልተሸፈነውን ሁሉ፣ ከዓመት በፊት የሰረዛችሁትንም ያወጣል። ባለሙያው ፊት ተደርድሮ ይታያል። በሙያዬ ስለማየው ነው የምነግራችሁ። ብዙው ባለሙያ ጨዋ ነው፤ ቢሆንም ሥራው ሲሠራ አጠገቡ ተቀመጡ፣ የወጣውን በራሳችሁ ዲስክ ውሰዱ፣ እሱ ኮምፒውተር ላይ የቀረው ፎልደር ፊታችሁ እንዲጠፋ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ነውር የለውም። እኔን ስትጠይቁኝ አልቀየምም።

ካርድ ከእጃችሁ ሲወጣ መጋዘኑን በሌላ እህል መሙላት ነው መድኃኒቱ። ካሜራው ውስጥ ፎርማት አድርጉት፣ ከዚያ ካሜራውን ግድግዳ ላይ አነጣጥራችሁ «ካርዱ ሞልቷል» እስኪል ቪዲዮ ቅረጹበት፣ እንደገና ፎርማት አድርጉት። ካሜራው ቪዲዮውን በየመሃሉ ካቋረጠው እንደገና አስጀምሩት። በኮምፒውተር የሚሻል መንገድ የምትፈልጉ፣ የካርዱን ደረጃ የሚያወጣው የኤስዲ ማኅበር የሚሰጠው ነጻ የፎርማት ፕሮግራም አለ፤ እዚያ ውስጥ «ኦቨርራይት» የሚለውን ምረጡ። ይቆያል፣ ተዉት ይሥራ። ተበላሽቶ የማይጻፍበትን ካርድ ግን ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉ፤ በመቀስ ወይም በጉጠት መሃሉን ሰብራችሁ ጣሉት። አሮጌ ስልክ የምትሸጡም መጀመሪያ ትንሿን ካርድ አውጡ። የስልኩ ዋጋ ላይ የምትጨምረው ነገር የለም።

ለቢሮአችን የጠየቅሁት ይህን ነው፤ ኮሚቴው ተቀብሎታል። የማኅበሩ ካርዶች ሦስት ናቸው፤ በላያቸው ላይ 1፣ 2፣ 3 ተብሎ ተጽፏል። ለግል ጉዳይ አይዋሱም። የወሰደችው ስሟን በደብተሩ ላይ ትፈርማለች፣ ስትመልስም ፎቶዎቹ በሁለት ቦታ መገልበጣቸው ተረጋግጦ በፊቷ ይጸዳል። ፎቶዋ እንዳይቀመጥ የጠየቀች እህት ካለች ካርዱ በዚያው ሳምንት ይሞላል። ይህን ሥራ የሽመናው ቡድን ጸሐፊ ትይዛለች፤ እንዴት እንደሚሠራ አሳይቻታለሁ፣ ከእኔ ይልቅ ትዕግሥት አላት።

ካርድ ይዛችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ። ካርድ ሪደሩና ላፕቶፑ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ቡናው እስኪፈላ ተራ በተራ እንያቸው። አሁን ግን ካርዱን ስልካችሁ ውስጥ ያስገባችሁ አውጡት፣ ፎቶ ስታነሱኝ ነበር።